ከምድር ቤት ወደ አደባባይ፦ ፓንክ ሮክ የሄደበት መንገድ

ይህ ንግግር በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ወጣት ሙዚቀኞችና ወላጆቻቸው በተገኙበት የእሑድ ከሰዓት ስብሰባ ላይ የተደረገ ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ከመታረሙ በቀር እንደተነገረ ቀርቧል።

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ውድ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንዲሁም ጊታራችሁን አቅፋችሁ ከኋላ የተቀመጣችሁ ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ?

እግዚአብሔር ይመስገን። አንዲቷን የዕረፍት ቀናችሁን ሰውታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ብዙዎቻችሁ ከዚህ ወጥታችሁ የማታ ሥራ እንደምትገቡ አውቃለሁ። እኔም በዚያው ኑሮ ያለፍኩ ሰው ነኝና ጊዜያችሁን በከንቱ አልወስድም። ከአጠገቤ ያለውን ካርቶን እያያችሁ ነው። መጨረሻ ላይ እንከፍተዋለን፤ እስከዚያው አደራ፣ ማንም እንዳይነካው።

አዘጋጆቹ ስለ ሙዚቃ እንድናገር ሲጠይቁኝ ስለ ትዝታና ስለ አምባሰል እንደማወራ የጠበቃችሁ ትኖራላችሁ። ስለ ቅኝቶቻችን ከእኔ አብልጠው የሚያውቁ ሊቃውንት አሉን፤ ለእነሱ እተወዋለሁ። እኔ የምነግራችሁ በዚህችው በምንኖርባት ከተማ፣ እኛ መኪና ስናቆምና ሳህን ስናጥብ፣ ከጎናችን እየተሠራ ስለነበረ ሙዚቃ ነው። ስለ ፓንክ ሮክ ነው።

አንዳንድ እናቶች ስትተያዩ አየሁ። ፓንክ ሲባል ቀጥ ብሎ የቆመ ፀጉር፣ የተቀደደ ሱሪ፣ ጉንጭ ላይ የተሰካ መርፌ ቁልፍ ነው የሚታያችሁ። እውነት ነው፣ እሱም ነበረ። ግን እለምናችኋለሁ፣ ዛሬ ፀጉራቸውን ተዉትና እጃቸውን ተመልከቱ። እኔን ሠላሳ ምናምን ዓመት ሲያስደንቀኝ የኖረው እጃቸው የሠራው ሥራ ነው።

ሦስት ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ይህ ሙዚቃ ከየት ተነሣ? መንገዱን ማን ጠረገለት? ገበያው በመጣ ቀንስ ማን ምን አገኘ? ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ታሪኩ የሆነው በእነሱ አገር ነውና።

ከመነሻው ልጀምር።

በ1973 መጨረሻ ላይ ሂሊ ክሪስታል የሚባል ሰው ኒው ዮርክ ውስጥ ባወሪ በሚባለው ጎዳና አንድ ጠባብ መጠጥ ቤት ከፈተ። ሰፈሩ ያን ጊዜ መጠጊያ ያጡ ሰዎች የሚያድሩበት ነበር። ቤቱን ሲቢጂቢ አለው፤ ካንትሪ፣ ብሉግራስና ብሉዝ ለማለት ነው። ሊያሰማ ያሰበው እነሱን ነበር። የመጡለት ግን ሌላ ቦታ በር የተዘጋባቸው ወጣቶች ሆኑ። ክሪስታል አንድ ነገር ብቻ ጠየቃቸው፦ የራሳችሁን ዘፈን ተጫወቱ። የሌላ ሰው ዘፈን እዚህ አይቀርብም።

ከመጡት መካከል ራሞንስ የሚባሉ አራት የኩዊንስ ልጆች ነበሩ። ወንድማማች አይደሉም፤ ግን አራቱም አንድ የቤተሰብ ስም ተጋርተዋል። ዘፈናቸው ሁለት ደቂቃ ቢሞላ ነው። በ1976 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው 14 ዘፈን ይዞ ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ የፈጀውም ወደ 6,400 ዶላር ብቻ ነው። በሽያጭ ሰንጠረዡ ላይ ከ111ኛ አላለፈም። ይህን አልበም አስታውሱልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ምን አዲስ ነገር አመጡ? እስቲ ዘመኑን አስቡት። ያን ጊዜ ሮክ ማለት በስታዲየም የሚቀርብ፣ መሣሪያው በከባድ መኪና የሚጫን፣ የአንዱ ጊታር ብቻውን አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ሙዚቃ ሆኖ ነበር። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ያን አይቶ ምን ይላል? «ይህ የእኔ ነገር አይደለም፤ የእኔ ድርሻ ማጨብጨብ ነው» ይላል። ራሞንስን ያየ ልጅ ግን «ይህንንማ እኔም እችላለሁ» ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። በ1977 መጀመሪያ እንግሊዝ አገር በወጣች አንዲት ትንሽ መጽሔት ላይ ሦስት የጊታር ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚመቱ ድምፆች የጣት አያያዝ፣ በእጅ ተሥሎ ነበር። ይህ አንድ ኮርድ ነው፣ ይህ ሌላ ነው፣ ይህ ሦስተኛ ነው ይላል። ከሥሩ ምን ይላል? አሁን ባንድ መሥርቱ። ትምህርቱ በቃ ይኸው ነው። ልጆቼ፣ እናንተ ከሦስት በላይ ታውቃላችሁ!

ለንደን ላይ ደግሞ ሴክስ ፒስቶልስ ተነሡ። የእነሱን ነገር አላረዝምም፤ ከሁሉ በላይ የተወራለት እሱ ነውና። በ1976 መጨረሻ በቴሌቪዥን ቀጥታ ሥርጭት ላይ ተሳደቡ፤ አገሩ ታወከ። አንዱ ትልቅ ኩባንያ ውላቸውን አፈረሰ፤ ሁለተኛው ፈርሞ በሳምንት ገደማ ውስጥ አባረራቸው። ንግሥቲቱን የሚነካው ዘፈናቸው በቢቢሲ ታግዶ ሳለ፣ በንግሥናዋ የብር ኢዮቤልዩ ሰሞን በ1977 ሁለተኛ ደረጃ ላይ ወጣ። በጃንዋሪ 1978 ባንዱ ፈረሰ። ስማቸው ዓለምን ሞላ፤ ለሚቀጥለው ልጅ ግን መሸጋገሪያ ድልድይ ትተው አላለፉም።

ድልድዩን የሠሩት ሌሎች ናቸው። ሴክስ ፒስቶልስ በጁን 1976 ማንችስተር ላይ ሲጫወቱ አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው 40 ገደማ ቢሆን ነው። ያንን ዝግጅት ያሰናዱት በዝኮክስ የሚባል ባንድ የመሠረቱ ልጆች ናቸው። ከወራት በኋላ 500 ፓውንድ ተበደሩና አራት ዘፈን ቀድተው በጃንዋሪ 1977 ራሳቸው በ1,000 ቅጂ አሳተሙ። በሽፋኑ ላይ እያንዳንዱ ዘፈን በስንተኛው ሙከራ እንደተቀዳ ጻፉበት። ለምን ይመስላችኋል? ሌላውም እንዲያውቀው ነዋ! ሙያቸውን አልደበቁም። ያ ሸክላ ኋላ በብዙ ሺህ ተሸጠ። እኔ ከሴክስ ፒስቶልስ ጩኸት ይልቅ ያቺ ሽፋን ትበልጥብኛለች።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልለፍ፤ ልቤ ያለውም እዚህ ላይ ነው። መንገዱን ማን ጠረገ?

እኔ ዋሽንግተን የገባሁት በ1987 ነው። በዓመቱ መሀል ከተማ ፓርኪንግ መሥራት ጀመርኩ፤ የማታ ተረኛ ነበርኩ። ከመኪና ማቆሚያችን ትንሽ እልፍ ብሎ ኤፍ ጎዳና 930 ቁጥር ላይ ናይን ሠርቲ ክለብ ነበር። ዛሬ ቪ ጎዳና ላይ፣ ከዩ ጎዳና ምግብ ቤቶቻችን ጥቂት እርምጃ ርቆ የምታዩት ክለብ ያን ጊዜ እዚያ ነበር። ማታ ማታ ልጆች ይመጣሉ። ቁልፍ ሲያቀብሉኝ እጃቸው ላይ በወፍራም ጥቁር ቀለም የተሣለ የኤክስ ምልክት አያለሁ። መጀመሪያ የወንበዴዎች ምልክት መስሎኝ ፈርቼ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጠጥ በሚሸጥበት ቤት ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ አይገባም። ሙዚቃው ደግሞ የእነዚሁ ልጆች ነው። በ1980 ቲን አይድልስ የሚባሉ የዚህ ከተማ ልጆች ካሊፎርኒያ ሄደው ሲጫወቱ አንድ ዘዴ አዩ፦ ልጁን አስገባው፤ ግን መጠጥ እንዳይሸጥለት እጁ ላይ ምልክት አድርግበት። ተመልሰው ለዚህ ክለብ ነገሩት፤ ተቀበላቸው። ከዚያ የሆነው ነው የሚገርመው። ልጆቹ ምልክቱን እንደ ክብር ያዙት። «አልጠጣም፣ ዕፅ አልወስድም፣ አእምሮዬ የራሴ ነው» ማለት ሆነ። ኢያን መካይ የሚባለው ወጣት ማይነር ትሬት በተባለው ባንዱ ይህንኑ በ1981 ዘፈነው፤ ከዋሽንግተን ተነሥቶም ዓለምን አዳረሰ። እናቶቼ፣ ያ ፀጉሩ የሚያስፈራችሁ ልጅ እኮ መጠጥ የማይቀምስ ልጅ ሊሆን ይችል ነበር!

ከእነዚያ ልጆች አንዱ አንድ ማታ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። «ከኢትዮጵያ» አልኩት። እናንተ ታስታውሳላችሁ፤ በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ ያልነው ሰው ሁሉ ረሃቡን ነበር የሚያነሣብን። ፊቱ ሲያዝን እያየሁ አንገቴን መድፋት ለምጄ ነበር። ይህ ልጅ ግን ወደ መኪናው ሮጠና አንድ ካሴት ይዞ ተመለሰ። ሽፋኑ ላይ የአሜሪካ ምክር ቤት ጉልላት በመብረቅ ሲመታ ይታያል፤ ቀለሙ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ! የእኛ ቀለም! ባድ ብሬንስ የሚባሉ አራት ጥቁር የዋሽንግተን አካባቢ ልጆች በ1982 ያወጡት ካሴት ነው። ጃዝና ሮክ ቀላቅለው ነበር የጀመሩት፤ ፓንክን ሲሰሙ ከማንም ፈጥነው ተጫወቱት። ራስ ተፈሪያን ናቸው፤ ከዚያ እሳት መሀል ድንገት ወደ ሬጌ ይገባሉ። ልጁ የጃንሆይን ስም ጠራልኝ። እዚያች የፓርኪንግ ዳስ ውስጥ ቆሜ፣ በሰው አገር፣ በአገሬ ስም መጀመሪያ ቀና ያልኩት በፓንክ ምክንያት ነው። ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

ሬጌና ፓንክ ለንደን ላይም ጎረቤት ነበሩ። ሮክሲ በሚባለው ክለብ ሸክላ የሚያጫውተው ዶን ሌትስ ገና ብዙ የፓንክ ሸክላ ስላልነበረ ሬጌ ያሰማቸው ነበር። ቦብ ማርሊም በ1977 ስለዚሁ መቀራረብ ዘፍኗል። ብዙ ልልበት የምችለው ነገር ነው፤ ግን ወደ መንገዴ ልመለስ።

ያ ልጅ ወዳጄ ሆነ። በሌላ ጊዜ አንድ ትንሽ ሸክላ ይዞልኝ መጣ። ሽፋኑን በጣቴ ዳሰስኩት። ከአንድ ወረቀት ተቆርጦ፣ ታጥፎ፣ የተጣበቀ ነው። መቀሱ በአንድ ጎን ጠመም ብሏል። ሙጫው ከጠርዙ ወጥቶ ደርቋል፤ በጥፍር ስትጭሩት ይላጣል። «ይህን ማን ሠራው?» አልኩት። «እነሱ ራሳቸው» አለኝ።

ዲስኮርድ የሚባለው አሳታሚ ነው። ቲን አይድልስ በየዝግጅቱ ያገኟትን ሳንቲም አልተካፈሏትም፤ አጠራቀሟት። በ1980 ባንዱ ሲፈርስ በዚያች ገንዘብ አንድ ሸክላ አሳተሙ። ሽፋኑን በእጃቸው ቆርጠው፣ አጥፈው፣ አጣብቀው ሸጡት። ከሱ ያገኙትን ለሚቀጥለው ባንድ አደረጉት። የሚቀጥለውን ለሚቀጥለው። ዲስኮርድ ከሙዚቀኞቹ ጋር የጽሑፍ ውል የለውም፤ ወጪ ተቀንሶ ትርፉ እኩል ይካፈላል። መቀመጫው የት ይመስላችኋል? አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ የሚገኝ የመኖሪያ ቤት!

መንገድ ያልኳችሁ ይህንን ነው። ካሊፎርኒያ ላይ ብላክ ፍላግ የሚባሉት የራሳቸውን አሳታሚ አቋቁመው፣ በአንድ አሮጌ ቫን ተጭነው ከከተማ ከተማ ዞሩ። በየከተማው አንድ ልጅ አለ፤ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይከራይላቸዋል። አንድ ሱቅ አለ፤ አሥር ሸክላ ይቀበላቸዋል። አንድ ተማሪ አለ፤ በዩኒቨርሲቲው ራዲዮ ሌሊት ያሰማላቸዋል። አንዲት ልጅ አለች፤ መጽሔት ጽፋ በፎቶ ኮፒ ታባዛለች። አንዱ ቤት ወለሉ ላይ ያሳድራቸዋል። የስልክ ቁጥሮቹን ጽፈው ለሚቀጥለው ባንድ ያቀብላሉ። እንግዲህ ይህን አሥር ዓመት አባዙት! አንድም ትልቅ ኩባንያ የለበትም። አንድም ባንክ የለበትም። ልጆች ናቸው።

በርክሌይ ላይ በ1986 የመጨረሻው ሌሊት አንድ አዳራሽ ተከፈተ፤ ጊልማን ጎዳና 924። መጠጥ የለም፣ ዕፅ የለም፣ ጠብ የለም፣ ዘረኝነት የለም። በር የሚጠብቁትም፣ ወለል የሚጠርጉትም በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አንድ ጠንካራ ሕግም ነበራቸው፦ ከትልቅ ኩባንያ ጋር የፈረመ ባንድ እዚያ አይጫወትም። ይህን ሕግም ያዙልኝ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። ለብዙ ሰው ያልነገርኩት ነው።

በ1994 አምስት ሆነን ባንድ ነበረን፤ እኔ ቤዝ ጊታር እጫወት ነበር። ቨርጂኒያ ውስጥ ስቱዲዮ ተከራይተን በአራት ሌሊት ዘጠኝ ዘፈን ቀዳን። ቀን ሥራ፣ ሌሊት ቀረጻ። አንድ አሳታሚ መጣና ማስተሩን፣ ማለትም ዋናውን የቀረጻ ክር፣ በ3,000 ዶላር ጠየቀን። እንጀራው ገና ሳይነሣ እዚያው ገበታ ላይ አንድ ገጽ ወረቀት ፈረምን። ተካፈልን። ደስ አለን። ከሁለት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ሄጄ ከፒያሳ ወደ ሜክሲኮ በሚኒባስ ስሄድ ሹፌሩ ካሴት ከፈተ። የእኔ ቤዝ ነው! ጣቶቼ ጭኔ ላይ አብረው ይሄዱ ጀመር። «ይህ የማን ነው?» አልኩት። የዘፋኙን ስም ነገረኝ። ሽፋኑን ተቀብዬ አየሁት፤ የአምስታችንም የተጫዋችነት ስም የለበትም። «እኔ ነኝ የተጫወትኩት» ማለት አቃተኝ። ምን ብዬ አስረዳለሁ? በእጄ ምን አለኝ? ዛሬ ያ ማስተር የት እንዳለ የሚነግረኝ ሰው የለም። ልጆቼ እንስማው ቢሉኝ የማሰማቸው ከገበያ የገዛሁት አንድ ያረጀ ካሴት ብቻ ነው።

ያን ወረቀት ስፈርም ከዲስኮርድ ቤት የግማሽ ሰዓት መንገድ እንኳ አልርቅም ነበር። ያቺን ሙጫ የደረቀባትን ሽፋን በእጄ ይዣታለሁ። አይቻታለሁ፤ ግን ለእኔም የምትሆን ትምህርት እንደሆነች አልገባኝም ነበር። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ልሂድ። ገበያው መጣ።

እንዴት መጣ? በመጀመሪያ መቁጠሪያው ተለወጠ። የአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ የሚዘጋጀው የየሱቁ ሰዎች ይህ ሸጠ፣ ያ ሸጠ እያሉ በሚሰጡት ቃል ነበር። ከሜይ 1991 ጀምሮ ግን ኮምፒውተር ባርኮዱን እያነበበ በእርግጥ የተሸጠውን መቁጠር ያዘ። ከዓይን የተሰወረው ሙዚቃ ሁሉ ታየ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር የኒርቫና ሁለተኛ አልበም ወጣ። እነዚህ ልጆች የመጀመሪያ አልበማቸውን በ606 ዶላር ከ17 ሳንቲም ቀድተው በአንድ አነስተኛ የሲያትል አሳታሚ ያወጡ ናቸው። ሁለተኛውን ትልቁ ኩባንያ ሲያወጣ እንኳ ብዙ አልጠበቀም፤ መጀመሪያ ለአሜሪካ ሱቆች የተላከው ወደ 46,000 ቅጂ ብቻ ነበር። በጃንዋሪ 1992 ማይክል ጃክሰንን ከአንደኛነቱ አወረደው።

ሰው ሁሉ «ከየት መጡ?» አለ። ከየት መጡ? በዚያው በቫኑ መንገድ ነዋ! ድራም የሚመታውን ዴቭ ግሮልን ታውቁታላችሁ። ያደገው እዚሁ ቨርጂኒያ ነው። ከኒርቫና በፊት ስክሪም በሚባል ባንድ ውስጥ ነበር። ስክሪም ደግሞ የቤይሊስ ክሮስሮድስ ባንድ ነው፤ አዎ፣ ዛሬ ብዙዎቻችሁ እንጀራና በርበሬ የምትገዙበት አካባቢ። ሸክላቸውን ያሳተመላቸውስ ማን ነው? ያው ዲስኮርድ።

ከዚያ በኋላ ትልልቆቹ ኩባንያዎች የውል ወረቀት ይዘው በየከተማው ተራወጡ። 1994 ደረሰ። በፌብሩዋሪ የግሪን ደይ አልበም ወጣ፤ በኤፕሪል የኦፍስፕሪንግ። ሁለቱም የካሊፎርኒያ ልጆች፣ ሁለቱም ከዚያው ከፓንክ ጓዳ የወጡ፣ ሁለቱም በዓለም ዙሪያ ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የሸጡ። ልዩነታቸው ምንድን ነው? ግሪን ደይ ከትልቅ ኩባንያ ጋር ፈርመዋል። የኦፍስፕሪንግን ያወጣው ግን ኤፒታፍ ነው፤ ባድ ሬሊጅን የሚባለው ባንድ ጊታር ተጫዋች ብሬት ጉረዊትዝ የራሱን ባንድ ሸክላ ለማሳተም ያቋቋመው ድርጅት። ልጆቼ፣ ይህን አድምጡኝ፦ ለብዙ ሚሊዮን ሰው ለመድረስ ትልቁ በር ብቸኛው በር አልነበረም። በራሳቸው ሰው ቤትም ደረሱ።

ለግሪን ደይ የጊልማን በር ተዘጋ። ያደጉበት አዳራሽ፣ መጀመሪያ የተጨበጨበላቸው አዳራሽ። ዘፋኙ ቢሊ ጆ አርምስትሮንግ አባቱ የሞተበት በአሥር ዓመቱ ነው፤ እናቱ አስተናጋጅ ነበረች። እኔ በእርሱ ላይ አልፈርድም። እንጀራ ፈልጎ መፈረም ኃጢአት ነው የሚል ሰው ካለ ስፈርም ያየኝን ያንን ገበታ ይጠይቅ። በበሩ የቆሙት ልጆችም ግን ክፉዎች አልነበሩም። የጠረጉት ወለል፣ የጠበቁት በር፣ በነፃ የሠሩት ቤት ነው፤ ኩባንያው ሰብሉን ሊያጭድ ሲመጣ ዘሩን ማን እንደዘራው እንኳ አልጠየቀም። ሁለቱም ወገን ተጎድቷል፤ ይህን ሳስብ ሁልጊዜ አዝናለሁ። ግሪን ደይ ተመልሰው እዚያ አዳራሽ ውስጥ የተጫወቱት በ2015 ነው፤ ለበጎ ሥራ ገንዘብ ለማሰባሰብ።

ጆውብሬከር የሚባሉትን ብዙዎቻችሁ አታውቋቸውም። ትልቅ ኩባንያ ጋር አንፈርምም ሲሉ ኖረው ፈረሙ። በ1995 አልበማቸው ሲወጣ የገዛ አድማጮቻቸው በዝግጅቱ ላይ ጀርባቸውን ይሰጧቸው ነበር። አልበሙም አልተሸጠም። በዓመቱ ፈረሱ። ከሃያ ዓመት በኋላ ተመልሰው መድረክ ላይ ሲወጡ ያንኑ አልበም ሰው በቃሉ ያዜመው ነበር። ለዚያ ፍቅር ሃያ ዓመት መጠበቅ ነበረበት?

ስለ ገንዘቡ ደግሞ በግልጽ ልንገራችሁ፤ ወላጆችም ስሙ። ስቲቭ አልቢኒ የሚባል የቺካጎ ሙዚቀኛና የቀረጻ ባለሙያ በ1993 አንድ ሒሳብ ጽፎ አሳተመ። ኩባንያው ለባንዱ ቅድሚያ ክፍያ ይሰጣል፤ ብዙ ገንዘብ ይመስላል። ግን ብድር ነው! ስቱዲዮው ከዚያ ይከፈላል። የፕሮዲዩሰሩ፣ የጠበቃው፣ የማናጀሩ፣ የቪዲዮው፣ የአውቶቡሱ ሁሉ ከባንዱ ድርሻ ይወጣል። እንደ አልቢኒ ሒሳብ 250,000 ቅጂ የሸጠ ባንድ ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ ሙዚቀኛ በመጨረሻ የሚደርሰው 4,031 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። ሩብ ሚሊዮን ቅጂ ሸጦ! አልቢኒ በቃሉ የኖረ ሰው ነበር። በዚያው ዓመት የኒርቫናን ሦስተኛ አልበም ሲቀዳ፣ ከሽያጩ በመቶኛ ውሰድ ሲሉት የሙዚቀኞቹን ገንዘብ አልነካም ብሎ የሥራውን ዋጋ ብቻ ተቀበለ።

እምቢ ያሉም ነበሩ። ኢያን መካይ ከማይነር ትሬት በኋላ ፉጋዚን መሠረተ። ትልልቆቹ ፈለጓቸው፤ አልሄዱም። መግቢያቸው አምስት ዶላር ነበር፤ በማንኛውም ዕድሜ ያለ ሰው ይገባል። ሸሚዝ እንኳ አልሸጡም። እስከ 2002 ድረስ እንዲሁ ዓለምን ዞሩ። ያ የፓርኪንግ ወዳጄ አንድ የበጋ ምሽት ቴንሊታውን፣ ፎርት ሬኖ መናፈሻ ወሰደኝ። እስከ ዛሬ በየበጋው የዚህ ከተማ ባንዶች በነፃ የሚጫወቱበት ሣር ነው። ሕፃን ያዘሉ እናቶች አሉ፣ ውሻ የያዙ ሽማግሌዎች አሉ። ሙዚቃው ሲያልቅ የተጫወቱት ልጆች ራሳቸው ሽቦ ጠቅልለው፣ ቆሻሻ ለቅመው፣ ድራሙን ተሸክመው ወጡ። እኔ ከአገሬ ያመጣሁት ሐሳብ አርቲስት ዕቃ አይሸከምም የሚል ነበር። ያን ምሽት ተነሥቼ አንድ ድምፅ ማጉያ አብሬ አነሣሁ።

የቀረውን ቶሎ ልለፈው። ከ1995 ጀምሮ ባንዶቹን ከከተማ ከተማ የሚያዞር ትልቅ የበጋ ጉዞ ተዘጋጀ፤ በዓመቱ የጫማ ኩባንያ ስፖንሰር ሆነው። ግሪን ደይ በ2004 ያወጡት አልበም በ2010 ብሮድዌይ ላይ ቲያትር ሆነ። ሲቢጂቢ ከኪራይ ጭቅጭቅ በኋላ በ2006 ተዘጋ፤ በ2008 እዚያው ቤት ውስጥ ውድ የወንዶች ልብስ መሸጫ ተከፈተ። በ2013 የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የፓንክን አለባበስ ኤግዚቢሽን አድርጎ አቀረበው። መርፌ ቁልፉ በመስታወት ውስጥ ገባ እንበል።

ያንን በ6,400 ዶላር የተሠራ አልበም አስታውሱልኝ ብዬ ነበር። የራሞንስ የመጀመሪያ አልበም በአሜሪካ ለብዙ ሽያጭ የሚሰጠውን የወርቅ ማዕረግ ያገኘው በ2014 ነው። ከ38 ዓመት በኋላ! ከአራቱ አባላት ጆይ በ2001፣ ዲ ዲ በ2002፣ ጆኒ በ2004 አርፈዋል። ያን ቀን በሕይወት የነበረው ድራም መቺው ቶሚ ብቻ ነው፤ እሱም በዚያው ዓመት በጁላይ አረፈ። ስማቸው ያለበትን ቲሸርት ዛሬ በየገበያ አዳራሹ ታገኙታላችሁ።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ። ከኋላ ያላችሁ ልጆቼ፣ አሁን ወደ ፊት ኑ። ጊታሩን ወንበሩ ላይ አስቀምጡት፤ ማንም አይወስደውም። ወላጆች፣ ባለፈው ክረምት እነዚህ ልጆች በዚህ አዳራሽ ምድር ቤት አራት ዘፈን መቅዳታቸውን አንዳንዶቻችሁ አታውቁም። አንዱ በአማርኛ ነው። ወጪውን ከየኪሳቸው አዋጥተዋል፤ ማስተሩም በእነሱ እጅ ነው፤ ለማንም አልፈረሙም። በዚህ ካርቶን ውስጥ 200 ሸክላ አለ። ከፋብሪካው የመጣው ያለ ሽፋን ነው፤ እኔ ነኝ እንዲያ ይምጣ ያልኩት።

እዚያ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት አለ፣ መቀስ አለ፣ ሙጫ አለ። ይቺ ደግሞ ያቺ የነገርኳችሁ ሽፋን ናት፤ ወዳጄ አገር ሲለቅ ሰጥቶኝ ነው፤ ቀስ ብላችሁ ያዟት። እጥፋቷን እዩና በእሷ ልክ ቁረጡ። እማማ፣ እርስዎም ቢቀርቡ ደስ ይለናል፤ የተጫዋቾቹን ስም በጥሩ የእጅ ጽሑፍ የሚጽፍልን ሰው ያስፈልገናል። አራቱም ስም ይጻፍ፤ የቤዙ ተጫዋች እንዳይረሳ።